መጋረጃው ይቆይ፣ ጣሪያው ይቅደም፦ ተጎታች ቤትን በትንሽ ገንዘብ ማሳመር

ተጎታች ቤቴን ስረከብ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ መጋረጃ ነበር። ከልጄ ጋር ሆነን ቢጫ አበባ ያለበትን መረጥን። ስንሰቅለው ቤቱ ነፍስ ዘራ። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ ሌሊት ዶፍ ዝናብ ጣለ፤ ጠዋት ስነሳ መጋረጃው ከታች እስከ ወገቡ ረጥቧል። ከወር በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ሻጋታ። አጠብኩት፣ ዘፈዘፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አልለቀቀም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ትንሽ ገንዘብ ይዘው ወደ ተጎታች ቤት ለሚገቡ ሰዎች ነው። የኔ ቤት ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ሥሩ ጎማ አለ። ቢሆንም ሞቅ ያለ ቤት ሆኗል፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ልቤ የሚናፍቀው ቤት። ገንዘብ ስላለኝ አይደለም፤ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን የሚለውን ዘግይቼም ቢሆን ስላወቅሁ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ እሳት፣ ከዚያ ብርሃንና ጨርቅ፣ በመጨረሻ ደጅ። ገንዘቡም በዚሁ ተራ ይውጣ። እኔ ከያዝኩት ግማሽ ያህሉ ጣሪያና መስኮት ላይ አለቀ። ያኔ አንገብግቦኝ ነበር። አሁን አይቆጨኝም።

በካልሲ ተራመዱ

ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁና ወለሉ ላይ በካልሲ ተራመዱ። ቀስ ብላችሁ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ። ደህና ወለል እግር ሥር ንቅንቅ አይልም። የበሰበሰ ወለል ግን እንደ ስፖንጅ ሰርጎድ ይላል። በተለይ በሩ አጠገብ፣ መስኮት ሥር፣ ሽንት ቤቱና ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆም በሉ። ቀጥሎ ካቻቢቴ ይዛችሁ የቁም ሳጥኑን የውስጥ ጥግ ጫን ጫን አድርጉት። እንጨቱ ካቻቢቴውን ካስገባው ውሃ ገብቶበታል። ግድግዳውን በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ ያበጠ ወይም የተሸበሸበ ቦታ ካለ ከኋላው እርጥበት አለ። አፍንጫችሁንም እመኑት። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሁሉ ይሸታል። የሻጋታ ሽታ ግን ቀኑን ሙሉ ብታናፍሱትም በሩን ስትዘጉት ተመልሶ ይመጣል።

የኔ ቤት በሩ አጠገብ ሁለት መዳፍ የምታህል ቦታ ሰርጉዳ ነበር። የበሰበሰውን ደህናው እንጨት እስኪገኝ በመጋዝ ቆረጥን፤ ሳምንት ሙሉ ክፍቱን ትተን አደረቅነው። ከሥር ሞራሌ አስገብተን በብሎን አሰርን፤ ከላይ ኮምፔንሳቶ ገጠምን። ከሁሉ የሚከብደው ሳምንቱን መታገስ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ አዲስ ጣውላ የገጠመ ሰው ሥራውን በዓመቱ መድገሙ አይቀርም።

ቤቱ መስተካከሉን ደግሞ በሩ ይነግራችኋል። በሩን ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ ልቀቁት። ራሱ የሚከፈት ወይም የሚዘጋ ከሆነ ቤቱ አዘምብሏል ማለት ነው። ውሃ ልክ ወለሉ ላይ በቁመትም በወርድም አስቀምጡና አስተካክሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች ቤቱ እንዳይወዛወዝ መደገፊያ ናቸው እንጂ ማንሻ አይደሉም። የሚነሳው በክሪክ፣ ቤቱን የተሸከመው ዋናው ብረት ሥር ነው። ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ ከፊትም ከኋላም ሽብልቅ አድርጉ፤ ቤቱ በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ደግሞ ማንም ሥሩ አይግባ። ከድጋፎቹ በታች ሰፋ ያለ ጣውላ ካልተነጠፈ መሬቱ ሲረጥብ ይሰምጣሉ።

ጠብታው ያለበትና ቀዳዳው ያለበት

የተጎታች ቤት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው። ውሃው ቶሎ አይወርድም፤ ይተኛበታል። የሚገባውም በመገጣጠሚያ በኩል ነው፦ ጣሪያውና ግድግዳው በሚጋጠሙበት ጠርዝ፣ በአየር ማስወጫው ዙሪያ፣ በመስኮቱ ክፈፍ፣ በብሎን ቀዳዳ።

ጎረቤቴ አናጢ ናቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መስኮቱ ያፈሳል ብዬ ሲልከን ገዝቼ ሦስት ጊዜ እንደቀባሁት ስነግራቸው ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ውሃ የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት እኮ አንድ አይደለም» አሉኝ። በማግስቱ የውሃ ጎማ ይዘው መጡ። እኔ ባትሪ ይዤ ውስጥ ገባሁ፤ እሳቸው ውጭ መሰላል ላይ ወጡ። መጀመሪያ የመስኮቱን የታች ጠርዝ ብቻ አጠጡ። አሥር ደቂቃ። ምንም የለም። ከዚያ ጎንና ጎኑን። ምንም። ከዚያ ከመስኮቱ በላይ ወዳለው የጣሪያ ጠርዝ ወጡ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኮርኒሱ ላይ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ተንሸራታ አንድ ሜትር ያህል ሄደች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ጠብ አለች። ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱን ስከስስ የከረምኩት፣ ጥፋቱ ግን ከላይ የነበረ አንድ የላላ ብሎን ነው።

ዘዴው ይኸው ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ የውሃ ጎማ፣ አንድ ባትሪ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥብና የትኛው ጋ እንደገባ ሳታውቁት ትቀራላችሁ። ጣሪያው ላይ ግን አትውጡ። ሁሉም ጣሪያ ሰው አይሸከምም። የግድ መሃሉ ላይ መድረስ ካለባችሁ ሰፊ ጣውላ አንጥፉና ክብደታችሁን በትኑ።

ስትደፍኑ አሮጌውን ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ። ብረት መፋቂያ ጣሪያውን ይቦጭረዋል። ቦታውን በአልኮል ጠርጉ፤ በደንብ ይድረቅ። ከጠርዙ ብረት ሥር ቡቲል ቴፕ (ውሃ የማያሳልፍ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ቴፕ) አስገብታችሁ ብሎኑን አጥብቁ፤ ከላይ ለጣሪያ ተብሎ የተሠራ ማሸጊያ ቀቡ። ሲልከን ጣሪያ ላይ አልመክርም። ሲያረጅ ይላቀቃል፤ የከፋው ደግሞ ሲልከን የነካው ቦታ ላይ በኋላ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አልይዝ ይላል። እኔ መስኮቱ ላይ የቀባሁትን ሲልከን ፍቆ ለማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ገንዘብ ከተረፋችሁ ጣሪያውን ነጭ የጣሪያ ቀለም ቀቡት። ነጭ ፀሐይን ይመልሳል። በሙቀት ወራት ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ የቻልነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጣሪያው ተደፍኖም ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሊያልበው ይችላል። ያ ከውጭ የገባ ውሃ አይደለም፤ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ከአንድ ብርጭቆ የማያንስ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። የድስቱ እንፋሎትና የታጠበው ልብስ ሲጨመር ያ ሁሉ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ጠዋት ስትነሱ ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን አሥር ደቂቃ ክፈቱ። ስታበስሉ ድስቱን ክደኑ። ልብስ ውጭ ይሰጣ። አልጋና ቁም ሳጥን ከውጭ ግድግዳው አንድ አራት ጣት ያህል ይራቁ። ፍራሹ ሥር አየር እንዲገባ ከሙሉ ጣውላ ይልቅ እየተራራቀ የተመታ ርብራብ ይሻላል። እኔ ርብራቡን ከፓሌት (ጭነት ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ጣውላ ነው የሠራሁት፤ ለምስማር ካልሆነ ምንም አላወጣሁም።

እሳት ላይ አትቆጥቡ

ይህን ክፍል አጭር አደርገዋለሁ፤ ግን የትም ብትቆጥቡ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ስስ እንጨትና ስፖንጅ የሞላበት ጠባብ ቤት በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚነደው። የጭስ ማንቂያ አንድ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አንድ ግዙ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል። በዚህ ምክንያት ከሰል ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ቤት ውስጥ አይግባ፤ ቢከስምም፣ በር ቢከፈትም።

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ተጎታች ቤት ወለል ላይና ጣሪያ ላይ የማይዘጉ ቀዳዳዎች ያሉት አንድም ለዚህ ነው። ብርድ አስገባብን ብላችሁ በጨርቅ እንዳትወትፏቸው። ሲሊንደሩ ውጭ ይቀመጥ። የጋዙን ጎማና ማያያዣዎቹን በየወሩ በሳሙና አረፋ ቀቧቸው፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል፤ ወዲያው ሲሊንደሩን ዝጉ። በሩ በእሳት ቢዘጋ በየትኛው መስኮት እንደምትወጡ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። እኔና ልጄ አንድ እሑድ በአልጋዋ በኩል ባለው መስኮት ወጥተን ሞክረነዋል። መያዣው ዝጎ ስለነበር አልከፈት ብሎን ነበር። ዘይት ቀባነው። ባንሞክረው ኖሮ አናውቅም ነበር።

ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት

አሁን ወደሚያስደስተው መጣን። ቤት ሞቅ ያለ የሚመስለው በዕቃ ብዛት ሳይሆን በብርሃን ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ተጎታች ቤት ኮርኒሱ መሃል አንድ ነጭ መብራት አለው። እሱን ስታበሩት ጥጉ ሁሉ ይጋለጣል፤ ቤቱም የጥበቃ ክፍል ይመስላል። ያን መብራት ለጽዳት ብቻ ተዉት። በምትኩ ሦስት ትንንሽ መብራት በተለያየ ቦታ፣ ተቀምጣችሁ ከዓይናችሁ ከፍታ እምብዛም ሳይበልጥ አድርጉ፦ አንድ መኝታው ጋ፣ አንድ ጠረጴዛው ጋ፣ አንድ ዕቃ ማጠቢያው ላይ። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ፈልጉ። ቢጫማ፣ የማታ እሳት የመሰለ ብርሃን ይሰጣል። 6500 የሚለው ደግሞ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ኤልኢዲ ከሆነ 9 ዋት ያለው የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፤ ሙቀቱም ትንሽ ነው።

የኔ ትልቁ መብራት የተገለበጠ አሮጌ ቅርጫት ነው። እጀታው ተሰብሮ ሊጣል ነበር። ቂጡ ላይ የአምፖል መያዣ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቼ ሰቀልኩት። ሲበራ የቅርጫቱ ሽመና ጥላ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይበተናል። ልጄ ትንሽ ሳለች ጥላዎቹን ስትቆጥር ነበር የምትተኛው። ይህን የምታደርጉት በኤልኢዲ ብቻ ነው፤ የሚግል አምፖል ቅርጫት ያቃጥላል።

ቀለምና ጨርቅ

የድሮ ተጎታች ቤት ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ለስላሳ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ነው። ቀጥታ ከቀባችሁት ቀለሙ በጥፍር ይላጣል። መጀመሪያ የምግብ ቅባቱ እስኪለቅ በሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ ጥረጉት፣ ይድረቅ። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ ብቻ አሸት አሸት አድርጉት። ለስላሳ ነገር ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ። ቀለም ቤቶች ተበጥብጦ ደንበኛው ሳይወስደው የቀረ ቀለም አንዳንዴ በርካሽ ይሰጣሉ። ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ጠባብ ቤት ነጭ ይቀባ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መቀመጫችንን ነጭ ወተትማ አደረግሁት፤ መኝታችንን ግን ጥቁር አረንጓዴ። ጥጉ ጠበበ፤ ግን እንደ ጎጆ አቀፈን። መኝታ ቤት ሰፊ መምሰል የለበትም።

መጋረጃ አሁን ስቀሉ። አዲስ ጨርቅ አያስፈልግም፤ አንሶላ ይበቃል። ከጀርባው አሮጌ ስስ ብርድ ልብስ ገበር አድርጋችሁ ስትሰፉት ብርድም ሙቀትም ያግዳል። ርዝመቱን ከመስኮቱ ታች ጠርዝ ሁለት ጣት ከፍ አድርጉት፤ መስታወቱ ያላበው ውሃ ጫፉን እንዳያርሰው ነው። የመጀመሪያው መጋረጃዬ የተበላሸው በዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ ጫፉ ሁልጊዜ እርጥቡ ላይ ተኝቶ ይውል ነበር። ምንጣፍም አንድ ትልቅ ከማንጠፍ ሁለት ሦስት ትንንሽ ይሻላል። ይታጠባል፣ ይራገፋል፣ ሥሩን ታዩታላችሁ።

መደርደሪያ ስትሰቅሉ ግድግዳውን በጣት አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ያለው ቦታ ምስማር አይችልም። ድምፁ ድፍን የሚልበት ቦታ ውስጡ እንጨት አለ፤ ብሎኑ እዚያ ይግባ። ከባድ ዕቃ ግን ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ አልጋ ሥር፣ መቀመጫ ሥር፣ ወደ ጎማው አካባቢ ይቀመጥ። አንድ ቀን ቤቱን መጎተት ቢመጣ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ጎማው ላይ ማረፉ ይጠቅማችኋል። ለጠባብ ቤት ተብለው በውድ የሚሸጡ ተጣጣፊ ዕቃዎችን አልገዛሁም። ጠረጴዛዬ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ የታሰረ የድሮ በር ነው፤ ስንበላ ይዘረጋል፣ ስንተኛ ይወርዳል።

ከወለሉ ሥር

ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ስለሆነ ብርዱ ከሥር ነው የሚገባው። ዙሪያውን በቆርቆሮ ወይም በፓሌት ጣውላ ሸፍኑት፤ ግን አታፍኑት። በትይዩ ጎኖች ወንፊት ሽቦ የተመታበት የአየር መግቢያ ተዉ፤ ካልሆነ የመሬቱ እርጥበት ወለሉን ያበሰብሰዋል። ቧንቧና ገመድ በሚገቡበት ቀዳዳ ዙሪያ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቁ። አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች፤ ሽቦ ግን አትቆረጥምም።

ፓሌት ስትለምኑ ማኅተሙን አንብቡ። የስንዴ ዘለላ ምልክት ያለበት ማኅተም ላይ በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» (HT) ካለ እንጨቱ በሙቀት የታከመ ነው፤ ውሰዱት። «ኤም ቢ» (MB) ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ ታጥኗል፤ ተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም ተዉት።

ደጁ

ቤቴ 20 ካሬ ሜትር ነው። ደጁ ሲጨመር ግን እጥፍ ሆኖ ይሰማኛል። በሩ ፊት አራት ፓሌት አንጥፌ ብሎኬት ላይ አስቀመጥኩ። ከቤቱ ጋር አላያያዝኩትም፤ ቤቱ ሲነቃነቅ እንዳይጎትተው። ከላይ ሸራ ወጠርኩ፤ ውሃ እንዳያቁር አንዱን ጎን ዝቅ አድርጌ። ሁለት ወንበርና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። ጫማ የምናወልቀው እዚያ ስለሆነ ጭቃው ቤት አይገባም።

አትክልት ከመትከላችሁ በፊት ፀሐዩን እወቁት። እኔ አንድ ቀን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ የቤቱ ጥላ የደረሰበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ማታ ላይ ድንጋዮቹ ካርታ ሆኑልኝ። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚቆይ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ሰላጣ፣ ቆስጣና ናና ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። እኔ ቲማቲም ይስማማዋል ብዬ ያሰብኩት ቦታ ከቀትር በኋላ ጥላ ነበር።

ሁሉንም በዕቃ ውስጥ ነው የምተክለው። መሬቱ የኔ አይደለም፤ ተነሺ ብባል ይዤው እሄዳለሁ። እናንተም ባለመሬቱን ሳትጠይቁ አትቆፍሩ። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ በቁመቱ የተቆረጠ ጄሪካን፣ የምግብ በርሜል ሁሉ ይሆናል። ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ላይ የሚበላ ነገር አትትከሉ፤ ታጥቦም አይታመንም። ለሰላጣ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይበቃል። ለካሮት 30። ለአንድ የቲማቲም እግር 20 ሊትር ባልዲ። ባልዲውን አፈር ከመሙላታችሁ በፊት ቦታው ላይ አስቀምጡት፤ ረጥቦ ከ25 ኪሎ በላይ ይሆናል።

ቂጡ ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ፣ የትንሿ ጣት ጫፍ የሚያህል። ብዙ ሰው ውሃው እንዲወርድ ብሎ ከሥር ጠጠር ያደርጋል። አያስፈልግም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ይቆማል። ጠጠሩ የሥሩን ቦታ ከመውሰድ በቀር ጥቅም የለውም። አፈሩ ራሱ ልል ይሁን፦ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይይዝና በጣት ነካ ስታደርጉት ይበተን።

ኮምፖስቱን በቀዳዳ በርሜል ነው የምሠራው። ሁለት እጅ ደረቅ ነገር፣ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀደደ ካርቶን፤ አንድ እጅ እርጥብ ነገር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ሣር። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን። ቢሸት ደረቅ ጨምሩና አገላብጡ፤ ሳይበሰብስ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ውሃ ርጩበት። ሥጋና ዘይት አይግባ። አይጥ ይጠራል።

ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ከጎረቤት ለምኑ። የናና ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት በሳምንት በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። በሶብላም እንዲሁ። ከቲማቲም ግንድና ቅርንጫፍ መሃል የምትወጣዋን ቀንበጥ ቆርጣችሁ ብትተክሏት ሌላ እግር ትሆናለች። ናናን ብቻውን ትከሉት፤ ከሌላ ጋር ካደረጋችሁት ሁሉንም ውጦ ብቻውን ይቀራል። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ቆስጣን ነው። የውጭ የውጩን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ልቡን ከተዋችሁት ወራት ሙሉ ይመግባችኋል።

ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ፊት ላይ ከመሬት እስከ ጣሪያ ገመድ ዘርግቼ የሚጠመጠም ፎሶሊያ ተከልኩ። ገመዱን የያዘው ክፈፍ ከግድግዳው 40 ሴንቲሜትር ይርቃል። ይህ ርቀት የግድ ነው፤ ቅጠል የተለጠፈበት ግድግዳ አይደርቅም። በሁለት ወር ገደማ አረንጓዴ መጋረጃ ሆነ። ከኋላው ያለው መስኮት ሲከፈት የሚገባው አየር ራሱ ሌላ ነው።

ውሃ ከጣሪያችሁ ቅዱ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የኔ ጣሪያ 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ 10 ሚሊሜትር ዝናብ 200 ሊትር ይሰጠኛል፤ አንድ በርሜል ሙሉ። ከጠርዙ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ወደ በርሜል። ዝናብ ሲጀምር የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ይደፋ። ይህ ውሃ ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ሙሉ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጠንካራ መሬት ላይ፣ ብሎኬት ላይ ይቀመጥ። አፉን በደቃቅ ወንፊት ሸፍኑት፤ በሙቀት ጊዜ ወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር አሥር ቀን እንኳ ላይፈጅባት ይችላል። ዕቃ ያጠባችሁበት ቅባት የሌለው ውሃ ደግሞ ለአበባ ይሆናል። በዕለቱ ይፈስስ፤ ካደረ ይሸታል። ሰላጣ ላይ ግን አይፈስስም።

መቼ ላጠጣ ለሚለው ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ ውሃው ከሥር እስኪወጣ አጠጡ፤ ጠዋት፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ። ከላይ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ካለበሳችሁት ቶሎ አይደርቅም።

አዲስ የተዛወረ ችግኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል። ስስ ጨርቅ አራት እንጨት ላይ ወጥራችሁ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሸፍኑት፤ ከዚያ ግለጡት። የኔ ጨርቅ የዚያ የቢጫ መጋረጃ የላይኛው ግማሽ ነው። እሱን ሻጋታ አልነካውም ነበር። ዛሬም ስድስት የቃሪያ ችግኝ ላይ ተወጥሯል።